የሱሉልታ እንቁላልና የሲሼልስ ሽንኩርት

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ሠላሳ እንቁላል ይዘው ወጥተው ሃያ ስምንት ይዘው ተመለሱ። ሁለቱ የተሸጡ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ ተሰብረው ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ሰፈር ውስጥ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ይዘው የሄዱት ከእኛ ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ ሎጅ ነበር። ሎጁ እንግዳ ያሳድራል፣ ቁርስ ላይ እንቁላል ያቀርባል። እትዬ ደግሞ ዶሮ አላቸው። በቃ፣ ምን ይወሳሰባል?

በሩ ላይ የግዢ ሠራተኛው በትህትና «እናቴ፣ ደረሰኝ አለዎት?» አላቸው።

የምን ደረሰኝ? የዶሮዋ?

ልጁን አልፈርድበትም። ያለ ደረሰኝ የገዛው ነገር ሒሳብ ሲዘጋ ወጪ ሆኖ አይያዝለትም፣ ትርፍ ተብሎ ግብር ይቆረጥበታል። ስለዚህ እንቁላሉን የሚገዛው ከተማ ወርዶ፣ ካሽ ሬጅስተር ካለው ሱቅ ነው። አስቂኙ ነገር፣ የእኛን ሰፈር እንቁላል ጠዋት ጠዋት የሚሰበስብ ነጋዴ አለ፣ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። አንዳንዴ የእትዬ እንቁላል እንጦጦን ተሻግሮ ሄዶ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ ተመልሶ ሎጁ ቁርስ ላይ ይቀርብ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። እትዬ ጋር ሲነሳ ርካሽ ነበር። ሲመለስ ተወዷል። ልዩነቱ የእሳቸው ኪስ ውስጥ አልገባም።

ለማታውቁት፣ ሱሉልታ ማለት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን እንጦጦን ወጥታችሁ ስትወርዱ የምታገኙት ሜዳ ነው። ወተት፣ ድርቆሽ፣ ብርድ። በተለይ ብርድ። ከፍታው 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሯጮች ይወዱታል፣ ከእኛዎቹ ሌላ ለልምምድ የሚመጡ የውጭ ሯጮችም አሉ። ድሮ ልጆቹ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏቸው ነበር፣ አሁን ለምደዋቸው ቀና ብለውም አያዩአቸውም። እነዚህ ሰዎች ሳምንታት ይቆያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተኛሉ። ቱሪስት ናቸው እንግዲህ፣ ካሜራ ባይዙም።

የእትዬን ነገር ስሰማ ትዝ ያለኝ ሲሼልስ ነው። አዎ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የደሴቶች ሀገር። ሄጃለሁ፣ ጉራ አይደለም፣ ላስረዳ።

ባለቤቴ በምትሠራበት ቦታ በኩል ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ታገኛለች። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ወንበር ከተረፈ ትሄዳላችሁ፣ ካልተረፈ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ወደ ሱሉልታ ትመለሳላችሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ተመልሰናል፣ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ነበር?» እያለ ሲጠይቀን ቦሌ ነው የዋልነው ማለት አሳፍሮን ነበር። በማግስቱ ተሳካ። አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ቪዛ ደግሞ ለማንም ሀገር ዜጋ ማለት ይቻላል አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት ላይ ፎርም ሞልታችሁ ፈቃድ መውሰድና የምታድሩበትን ማሳየት ይበቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ «ቪዛ አያስፈልግም» የሚል ነገር ስታዩ መጀመሪያ የምታደርጉት ደግማችሁ ማንበብ ነው።

ሀገሪቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች በቁጥር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። 115 ደሴቶች ናቸው፣ መሬታቸው ቢደመር 455 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን 527 ናት። ሕዝቡ መቶ ሺህ ቢሆን ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ አዲስ አበባ ስታዲየምን ሦስት ጊዜ ብትሞሉት አብዛኛው ሰው ገባ ማለት ነው። ባሕሯ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዓሣ የማስገር መብት ያላት የባሕር ክልል ከመላው ኢትዮጵያ ስፋት ይበልጣል። እና ይቺ ሀገር ከኮሮና በፊት፣ በ2019 (የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው የምጠቀመው፣ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ)፣ ከ384 ሺህ በላይ ቱሪስት ተቀብላለች። ለእያንዳንዱ ነዋሪ አራት ሊሞላ ምንም ያልቀረው እንግዳ። ቤታችሁ አምስት ሰው ቢኖር በዓመት ሃያ እንግዳ እንደማለት ነው። እናቴ ብትሰማ ገና ሳይመጡ ይደክማት ነበር።

ያረፍነው ቦ ቫሎን የሚባል የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ጋር አያይዘው በሚያከራዩት ክፍል ነው። ትልልቆቹን ሆቴሎች በአጥር በኩል አየናቸው፣ ከዚያ በላይ አቅማችን አይፈቅድም። እና እኛ ሽሮና በርበሬ ይዘን ነው የሄድነው። አትሳቁ። የሀበሻ ሻንጣ ተከፍቶ ሽሮ ካልተገኘበት የሰው ሻንጣ ተሳስቶ መጥቷል ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ለሴትዮዋ ሽሮ ሠርተን እናብላቸው ብለን ሽንኩርት ፍለጋ ወጣን።

ሽንኩርቱ ተገኘ። ከረጢቱ ላይ የህንድ ስም አለበት። ዋጋውን ልነግራችሁ አልፈልግም፣ ባለቤቴ አንዱን ራስ አንስታ መለሰችው፣ ደግማ አነሳችው። ድንቹም የሌላ ሀገር፣ ዘይቱም የሌላ ሀገር፣ ሩዙም። ዶሮው ከባሕር ማዶ በበረዶ ደርቆ የመጣ ነው። ለሴትዮዋ ስንነግራቸው ሳቁብን። እዚህ ዓሣ፣ ኮኮናት፣ የዳቦ ፍሬ (ዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ እንደ ድንች የሚበላ ነገር ነው) እና ጥቂት አትክልት ካልሆነ በስተቀር የምታዩት ሁሉ በመርከብ ነው የሚመጣው፣ መርከብ ሲዘገይ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል አሉን። በነገራችን ላይ ሽሮውን ወደዱት፣ የዳቦ ፍሬ ጠብሰው አጥቅሰው በሉት። የዳቦ ፍሬ የበላ ሰው ወደ ሲሼልስ መመለሱ አይቀርም የሚል አባባል አላቸው። እኛም በልተናል፣ ወንበር ከተረፈ እንመለሳለን።

ያን ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የአንድን ቱሪስት ገንዘብ በሐሳቤ ተከተልኩት። ሰውየው አውሮፓ ሆኖ ይከፍላል። ከዚያ ላይ የጉዞ ወኪሉና አየር መንገዱ ድርሻቸውን እዚያው ያስቀራሉ። የቀረው ወደ ሆቴሉ ይመጣል፣ የሆቴሉ ባለቤት የውጭ ኩባንያ ከሆነ ትርፉ ተመልሶ ይሄዳል። ሕዝቡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሠራተኛ ከውጭ ይመጣል፣ ደመወዙን ወደ ቤተሰቡ ይልካል፣ ሐቁ ነው። ቁርሱ ላይ ያለው ቅቤ፣ ድንችና ቡና፣ አንሶላው፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ ለጄኔሬተሩ የሚቃጠለው ነዳጅ፣ ሁሉም በዶላር የተገዛ ነው። ዶላሩ በአውሮፕላን ይመጣል፣ በመርከብ ይመለሳል። ሀገሪቱ ጋ የሚቀረው ግብሩ፣ የሀገሬው ሰው ደመወዝ፣ ዓሣው፣ ታክሲው፣ እንደ እኛ ሴትዮ ዓይነቶቹ ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች ገቢ ነው።

ትንሽ አይደለም ግን። ቱሪዝም ከኢኮኖሚያቸው ሩብ ያህሉን ይዟል፣ ዋና ከተማቸው ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ደግሞ ትልቅ የቱና ዓሣ ፋብሪካ አላቸው። በ2015 የዓለም ባንክ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ተርታ መድቧቸዋል፣ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ የተባለ ሀገር በጣት የሚቆጠር ነው። ይሄ ሁሉ የመጣው ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ ነው። እስከ 1971 ድረስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አልነበራቸውም፣ ከሞምባሳ በመርከብ ቀናት ተጉዞ ነው የሚደረሰው። የሚሸጡት የደረቀ ኮኮናት፣ ቀረፋና ቫኒላ ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው ቦታውን ለግዞት ይጠቀሙበት ነበር፣ የአሻንቲውን (የዛሬዋ ጋና ውስጥ ነው) ንጉሥ ፕሬምፔን እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 እዚያ ነው ያቆዩት፣ እንግሊዞችን የተዋጋችው የአሻንቲ ጀግና ያአ አሳንቴዋም እዚያው ነው የሞተችው። ያኔ በጥበቃ የሚወሰድበት ደሴት ላይ ዛሬ ሙሽሮች ከፍለው ይሄዳሉ።

ሌላ ታሪክ አለ፣ ከርዕሴ ትንሽ ይወጣል ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በኅዳር 1981 ማይክ ሆር የሚባል ቅጥረኛ ወታደር መንግሥቱን ሊገለብጥ ሰዎቹን ይዞ መጣ። በምን መስለው? በቱሪስት! ቢራ ለመጠጣት የተሰባሰቡ ጓደኛሞች ነን፣ ለሕፃናት አሻንጉሊት ይዘናል ብለው ነው የገቡት፣ መሣሪያው ከአሻንጉሊቱ ሥር። ጉምሩክ ላይ የአንዱ ሻንጣ ሲፈተሽ ጠብመንጃው ወጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተታኩሰው፣ መጨረሻ ላይ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ሸሹ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ቱሪስትም ለተወሰኑ ዓመታት ቀነሰ። የእንግዳ ነገር እንዲህ ነው፣ ሌላው ሰው ሲጮህ እሱ ቲኬቱን ይሰርዛል። ይሄን ለእኛ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም፣ ላሊበላ ያሉ አስጎብኚዎችን መጠየቅ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በጣም የገረመኝ የሩፒያቸው፣ የገንዘባቸው፣ ነገር ነው። በ2008 ሀገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፣ አይኤምኤፍ ገባ፣ በኅዳር ወር ሩፒው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዋጋው በአጭር ጊዜ ግማሽ ያህል ወረደ። ይሄን ሳነብ የእኛን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አስታወሰኝ፣ ብር ሲለቀቅ ጠዋት ተነስተን ስልካችን ላይ የዶላር ዋጋ ስናይ የነበረውን። እሺ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2020 የጎብኚው ቁጥር ከ384 ሺህ ወደ 115 ሺህ ገደማ ወረደ። በዓመቱ መጀመሪያ 14 አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ መጨረሻ ከ20 ሩፒ አለፈ። እንግዶች በ2021 መመለስ ሲጀምሩ ሩፒው መልሶ ተነሳ፣ ወደ 15 አካባቢ መጣ። አሮጊቷ ይሄንን የነገሩን በሽንኩርት ነው። ቱሪስት ሲጠፋ ሽንኩርት ይወደዳል፣ ቱሪስት ሲመጣ ይረክሳል አሉን። መጀመሪያ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲበዛ ነው የሚወደደው። እዚያ ግን ሽንኩርቱን የሚገዛው ዶላር ነው፣ ዶላሩን የሚያመጣው ደግሞ ያ ባሕሩ ዳር ተጋድሞ ቆዳውን ፀሐይ የሚያስመታው ሰው ነው። እሱ ካልተጋደመ እሳቸው ወጥ አይሠሩም።

ኑሮን እንደዚህ በሰው የዕረፍት ቀን ላይ ማንጠልጠል ያስፈራል። አልቀናሁባቸውም።

የቀናሁት በሌላ ነው። ገንዘቡ እንዳያመልጥ ቀዳዳ ለመድፈን የሚያደርጉትን ጥረት ነው የወደድኩት። የባሕር ዳርቻው ሁሉ በሕግ የሕዝብ ነው፣ ምን ያህል የተንጣለለ ሆቴል ቢሆን አሸዋውን የኔ ነው ማለት አይችልም። እኛም ሽሯችንን በልተን አንድ የሀብታም ሆቴል ፊት ለፊት ዋኝተናል (ባለቤቴ ዋኝታለች፣ እኔ እግሬን ነክሬያለሁ፣ የሱሉልታ ልጅ ባሕር አያምንም)። ትንንሾቹን የእንግዳ ማረፊያዎች መክፈት ለዜጎች ብቻ የተተወ ሥራ ነው፣ የውጭ ባለሀብት ትልቁን ይሥራ፣ ትንሹን ለአሮጊቷ ይተው ነው ነገሩ። በ2015 ደግሞ በዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ላይ አዲስ ትልልቅ ሆቴል መፍቀድ አቁመው ነበር፣ ውኃውም መብራቱም መንገዱም አይችልም ብለው።

ፕራስሊን ደሴት ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ጫካ አለ፣ በ1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው፣ በዓለም ትልቁ የዕፅዋት ዘር፣ በዱር የሚበቅለው እዚያና አጠገቡ ያለች ደሴት ላይ ነው። የመግቢያ ዋጋው ለእኛ ኪስ ያማል፣ ባለቤቴ «ለዛፍ ይሄን ያህል?» ብላ ነበር። በኋላ ስናጣራ ግን ጫካውን የሚያስተዳድረው ድርጅት በዚያው ገንዘብ ከዋናው ደሴት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን የአልዳብራን ደሴት ይጠብቃል። አልዳብራ ላይ መቶ ሺህ ያህል ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፣ ሕዝባቸውን የሚያህል ኤሊ። እዚያ የሚደርስ ቱሪስት በጣም ጥቂት ነው። ዘንባባው ሠርቶ ኤሊውን ያበላል ማለት ነው።

እና እኛስ? ቱሪዝም ሲባል እኛ የምናወራው ስለሚታየው ነገር ነው። «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ሀገሩን ከሸጠበት ዘመን ጀምሮ ያለንን እንቆጥራለን፣ ላሊበላ፣ ስሜን፣ አክሱም። ባለፈው ደግሞ፣ በ2024፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስ ይላል። እንጦጦ ፓርክም አለ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ መኪናው መንገዱን ያጣብበዋል፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በዚያው ዳር ዳሩን ያልፋሉ። ስንት ሰው ገባ ይባላል፣ ስንት ሰው አየው ይባላል። ገንዘቡ የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ሲሼልስ ያላት ዕድል ትንሽ ነው፣ ድንች የምትዘራበት ሜዳ የላትም። ከውጭ ብታመጣ አይፈረድባትም። ሱሉልታ ግን ድንች አላት፣ ጎመን አላት፣ ወተት አላት። ሎጁ ከሚያቀርበው ቁርስ ቡናውን ከከፋ ወይ ከሲዳማ እንበለው፣ የቀረው ሁሉ በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ አለ። ሆኖም በመካከል አንድ ቁራጭ ወረቀት ቆማ ሎጁ ራሱን ደሴት ላይ እንዳለ አድርጎ ይኖራል። እኔ በበኩሌ ሎጁም ይጠየቅ ባይ ነኝ፣ አምስት ሴቶች ሰብስቦ በአንድ ስም እንዲያቀርቡለት ለማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ወረዳውም ይጠየቅ። እኛ የተማርን ነን የምንለው ጎረቤቶችም፣ እኔን ጨምሮ፣ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ኖሬ ቲን ቁጥር ማውጣት እንዴት እንደሆነ ነግሬአቸው አላውቅም ነበር።

እሑድ ዕለት ቡና ላይ ጠርተውኝ ይሄንን አወራን። የወንድማቸው ልጅ ሱቅ አለው፣ ደረሰኝም ይቆርጣል። በእሱ በኩል እናስገባው የሚል ሐሳብ አመጡ። ልጁ ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል፣ ከሠላሳው አምስቱን ለኔ ብሏል። እትዬ አምስቱ በዝቶባቸዋል፣ በሦስት እንዲያልቅ እየተደራደሩ ነው። ሥጋ ዘመድ ነው፣ ገና ሎጁ ሳይገባ ቀዳዳው ተከፈተ አልኳቸው። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ወረዳ አብሬአቸው ልሄድ ቃል ገብቻለሁ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሆነው በማኅበር መደራጀት ይችሉ እንደሆነ ልንጠይቅ።

ሁለተኛው ቡና ላይ የሲሼልሱን ታሪክ ነገርኳቸው። ደሴቱን፣ ኤሊውን፣ ባሕሩን፣ ሽንኩርቱ ከህንድ እንደሚመጣ፣ ምግቡ ሁሉ በመርከብ ተጭኖ እንደሚገባ። በጥሞና ሰሙኝ። ስኒውን አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እንቁላል ቢሆን ግን፣ በመርከብ ሲመጣ አይሰበርም?»